«የቱን ላሠራ?» ለምትሉን ደንበኞቻችን

አዳማ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከጥምቀት ወዲህ ቢሯችን የሚመጣው ሰው ሚዛኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማሳየት ጀምሯል። «ይቺ ልጅ በስድስት ወር እንዲህ ሆነች፤ ስሊቭ ነው ያሠራችው። እኔም እሱን ላሠራ ወይስ ባይፓስ ይሻለኛል?» ይለናል። ስለ እነዚህ ሁለት ክብደት መቀነሻ የጨጓራ ቀዶ ጥገናዎች በአንድ ሳምንት ለዘጠኝ ሰው ያንኑ መልስ ከደጋገምን በኋላ በጽሑፍ ብንልክላችሁ እኛም ጉሮሯችን ያርፋል፣ እናንተም ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ ታነቡታላችሁ ብለን አሰብን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። እኛ የአመጋገብ ምክርና የክብደት ክትትል ቢሮ እንጂ ሆስፒታል አይደለንም። አዲስ አበባም ይሁን ሕንድ ወይም ቱርክ ለሚሄድ ደንበኛ ከማንም ኮሚሽን አንቀበልም። ውሳኔው የእናንተና የቀዶ ሐኪማችሁ ነው። እኛ የምናየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ አዳማ ቤቱ ሲገባና መሶቡ ፊት ሲቀመጥ። የዚህ ደብዳቤ ምክርም ከዚያ ወገን የመጣ ነው።

ቀዶ ጥገናው ለማን ነው? ኪሏችሁን ለቁመታችሁ በሜትር አካፍሉ፤ የመጣውን ቁጥር እንደገና ለቁመታችሁ አካፍሉ። 104 ኪሎ የምትመዝን፣ ቁመቷ 1.62 ሜትር የሆነ ሴት 39.6 ይመጣላታል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየው መለኪያ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ስኳርና ደም ግፊትን የመሰለ ተጓዳኝ ሕመም ካለ 35 ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት ዝቅ አደረጉት፤ ያለ ተጓዳኝ ሕመምም 35፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ላለበት ደግሞ 30። «ሠርግ ደርሶብኛል፣ ስምንት ኪሎ ላውርድ» ለሚለን ሰው ግን መልሳችን አጭር ነው፦ ይህ ለእርስዎ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው።

ስሊቭ ማለት እጅጌ ማለት ነው። ሐኪሙ የጨጓራውን ሰፊ ወገን፣ ከሦስት አራተኛ የማያንሰውን፣ ከላይ እስከ ታች ቆርጦ ያወጣዋል። የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው። አንጀት አይነካም። ተቆርጦ ከሚወጣው ክፍል ውስጥ የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ቦታ ስላለበት፣ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት «ረሃብ የሚባል ነገር ረሳሁ» ይሉናል። የወጣው ግን ወጥቷል፤ ተመልሶ አይገጠምም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደንበኛችን «ቀለል ያለው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀን። «ስሊቭ» አልነው። አንጀት ስለማይነካ ቀለል ማለቱ እውነት ነው። ስለ ቃር ግን አንድም ጥያቄ አላነሳንም፤ እሱም ቃርን እንደ በሽታ ስለማይቆጥረው አልነገረንም። ለዓመታት በየሌሊቱ እየነቃ ወተት ሲጠጣ እንደኖረ የሰማነው በኋላ ነው። 31 ኪሎ ወረደ፣ ደም ግፊቱም ተስተካከለ። ነገር ግን ሁለት ትራስ ደርቦ ነው የሚተኛው፣ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ሳይውጥ አይውልም፤ አሁን ሐኪሙ ወደ ባይፓስ መቀየር ይኖርብህ ይሆናል እያለው ነው። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ አሲዱም ወደ ላይ ይገፋል። በስዊዘርላንድ ሁለቱን ቀዶ ጥገናዎች አምስት ዓመት ተከታትሎ ያነጻጸረና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ፣ ቃር ከነበረባቸው ውስጥ ከስሊቭ በኋላ የባሰባቸው ከመቶ 32 ገደማ ሲሆኑ ከባይፓስ በኋላ ግን 6 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሹፌር ወዲህ የቅጻችን የመጀመሪያ መስመር ኪሎ መሆኑ ቀርቶ «ቃር አለብዎ? ሌሊት ያስነሳዎታል?» የሚል ሆኗል።

ባይፓስን ለአዳማ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና የሞጆን መሀል ከተማ አያይም፤ ከተማው ግን ቦታው አለ። ባይፓስም እንዲሁ ነው። ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ይለዩና ትንሹን አንጀት ከእሷ ጋር ያገናኙታል። ቀሪው ጨጓራ አይወጣም። ምግብ አያልፍበትም እንጂ ጭማቂውን እያመነጨ ዝቅ ብሎ ካለው አንጀት ጋር ይገናኛል። አሲድ የሚበዛበት ክፍል ከምግቡ መንገድ ስለወጣ ቃር ለሚያሠቃየው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው ይህ ነው። የዚህ ባይፓስ ሙሉ ስም «ሩ-ኤን-ዋይ» ነው፤ «ሩ» የተባለው ሴዛር ሩ በተባለ የስዊዘርላንድ ቀዶ ሐኪም ስም ነው።

«የትኛው ይበልጥ ያከሳል?» የሚለው ጥያቄ እውነቱን ለመናገር ከምታስቡት ያነሰ ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። በዚያው የስዊዘርላንድ ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ ከመጠን በላይ ከሆነው ትርፍ ክብደት ውስጥ በስሊቭ 61 ከመቶ፣ በባይፓስ 68 ከመቶ ወረደ፤ ልዩነቱ እርግጠኛ የሚያደርግ ሆኖ አልተገኘም። ለስኳር ሕመምም ሁለቱም ከመድኃኒት ብቻ በእጅጉ ይሻላሉ። በአሜሪካ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የአምስት ዓመት ውጤቱ የወጣ ጥናት ላይ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ወደ 6 ከመቶና ከዚያ በታች የወረደው በባይፓስ 29 ከመቶ፣ በስሊቭ 23 ከመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ግን 5 ከመቶ ናቸው። «ስኳር በቀዶ ጥገና ይጠፋል» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ እነዚህን ቁጥሮች አሳዩት፤ ከመቶ ሰባው እዚያ አልደረሰም። ስኳሩ ቶሎ ስለሚወርድ ግን የድሮውን የመድኃኒት መጠን መዋጥ አደጋ አለው፤ ሐኪሙ ወዲያው ማስተካከል አለበት።

እንግዲህ ባይፓስ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። እኛን የሚያሳስበን የመድኃኒት ልማዳችን ነው። ወገብ ሲያም ዲክሎፌናክ፣ ራስ ሲፈልጥ አይቡፕሮፌን፣ ያለ ማዘዣ ገዝቶ መዋጥ የለመደ ሰው ባይፓስ ካሠራ በኋላ ይህን ልማድ ጨርሶ መተው አለበት። ከረጢቷና አንጀቱ በተገናኙበት ቦታ ላይ ቁስል ያመጣል፤ ይደማል፣ አንዳንዴም ይበሳል። ሲጋራም እንዲሁ። ዕድሜ ልኬን የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት እወስዳለሁ የሚል ሰው ለሐኪሙ ይህንኑ መንገር አለበት፤ ለእሱ ስሊቭ ሊሻለው ይችላል። ሌላው ደግሞ በአገራችን የበዛው ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። ከባይፓስ በኋላ የተዘለለውን ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባው የካሜራ ቱቦ፣ ማየት ስለማይቻል፣ ባክቴሪያው አስቀድሞ ይመርመር፣ ካለም ይታከም። ባይፓስ ያሠራ ሰው ጣፋጭና ለስላሳ ሲወስድ ላብ ላብ ይለዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱ ይታወካል፤ ይህን ደግሞ አንዳንድ ደንበኞቻችን «ጠባቂዬ ነው» ይሉታል። አልኮልም ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ አንድ ብርጭቆ ጠጅ የድሮው አንድ ብርጭቆ አይሆንም።

ስለ ቀሩት ባጭሩ። ሚኒ ባይፓስ የሚባለው ጨጓራና አንጀት የሚገናኙበት አንድ ቦታ ብቻ ያለው ነው፤ ጊዜው አጠር ይላል፣ ሀሞት ወደ ላይ የመመለስ ችግር ግን አለው። ባንድ፣ ማለትም ጨጓራውን የሚያስር ቀለበት፣ በብዙ ሰው ላይ በድጋሚ ቀዶ ጥገና መውጣት ስላስፈለገው አሁን እየቀረ ነው። ፊኛው ቀዶ ጥገና አይደለም፤ በተለመደው ዓይነት ስድስት ወር ያህል ጨጓራ ውስጥ ይቆይና ይወጣል፣ ኪሎውም ብዙ ጊዜ ተከትሎት ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የሚያከሳው የአንጀቱን ብዙ ክፍል የሚዘልለው ነው፤ የምግብ እጥረት የሚያስከትለውም ያው ስለሆነ ደም ምርመራውን በወቅቱ ማድረግ ለማይችል ሰው እኛ አንመክርም።

አሁን ወደ መሶቡ እንመለስ። ባለፈው ፋሲካ አንዲት ደንበኛችን ስሊቭ ካሠራች በሦስተኛ ወሯ ቤተሰብ ጋ ሄደች። ስታስመልስ እንዳትታይ ቀስ ብላ፣ በሻይ ማንኪያ ልክ እየበላች ነበር። አክስቷ «በሞቴ!» ብለው የዶሮ ወጥ ጉርሻ አጎረሷት። ጉርሻው እንደምታውቁት የአክስት ጉርሻ ነው። ደረቷ ላይ ቆመ፣ ምራቋ ሞላ፣ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ አክስቷ ተቀየሙ፣ እሷ አለቀሰች። የቱንም ቀዶ ጥገና ብትመርጡ ይህ ይገጥማችኋል። ስለዚህ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይወቅ።

ጾሙም አለ። በ2018 ዓ.ም. ሑዳዴና ረመዳን የሚገቡት በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ከሽሮና ከምስር ብቻ ይህን ለማግኘት የሚበቃ ቦታ ትንሹ ጨጓራ ውስጥ የለም። ቢ12 ደግሞ ከእንስሳት ምግብ ነው የሚገኘው፤ ከባይፓስ በኋላ ሰውነት ከምግብ የሚመጥጠው ሲቀንስ፣ ጾሙ ሲጨመርበት እጥረቱ ይብሳል። ውኃም በአንድ ትንፋሽ መጠጣት አይቻልም፤ ቀኑን ሙሉ በጉንጭ በጉንጭ ነው። በአዳማ የመጋቢት ሙቀት ይህን አስቡት። የመጀመሪያውን ዓመት ጾም ነገር ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼኹ ጋር ከቀዶ ጥገናው በፊት ተነጋገሩ። ቀኑን ከፋሲካና ከዒድ በኋላ ማድረግ ለሚችል ሰው እኛ እሱን እንመርጥለታለን።

ኪኒኑ ዕድሜ ልክ ነው። በስሊቭም በባይፓስም፣ በባይፓስ ደግሞ ይበልጥ፦ ብረት፣ ቢ12፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ብረቱና ካልሲየሙ አብረው አይዋጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ብረት ከቡና ጋርም አይሆንም፤ አቦል ሲፈላ የብረት ኪኒን የሚውጥ ሰው ጥቅሙን ከሲኒው ጋር ያፈስሰዋል። ማስታወክ ለቀናት ከቀጠለ ደግሞ የቢ1 እጥረት ነርቭ ስለሚጎዳ «ይለፍልኛል» አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ጸጉር ይረግፋል፤ አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ልጅ የምትፈልጉ እህቶች ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ ይኖርባችኋል። ኪሎ ሲወርድ ማርገዝ ቀላል ይሆናል፤ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ላያስተማምን ስለሚችል በክንድ ስለሚቀበረው ወይም ስለሚወጋው ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ውጭ አገር ለምትሄዱ አንድ ልመና አለን። ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛችን ከውጭ ተመልሳ በሦስተኛ ሳምንቷ ማስመለስ ስትጀምር ወረቀቷን ጠየቅናት። አንድ ገጽ ነው፤ «የጨጓራ ቀዶ ጥገና» ይላል፣ ፊርማና ማኅተም አለው፣ ዓይነቱ ግን አልተጻፈም። ስሊቭ ይሁን ባይፓስ እሷም አታውቅም። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የተቀበላት ሐኪም ያንን ለማወቅ ብቻ ምርመራ አዝዞ ሰዓታት አለፉ። የቀዶ ጥገናውን ዓይነት፣ ቀኑንና የሠራውን ሐኪም ስልክ የያዘ ወረቀት ሳትቀበሉ አውሮፕላን እንዳትሳፈሩ። ፎቶ አንስታችሁ ለእኛም ላኩልን፤ ፋይላችሁ ውስጥ እናስቀምጠዋለን።

ከየካቲት ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ለዚህ ጉዳይ ብቻ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት እንይዛለን፤ ለነባር ደንበኞች ክፍያ የለውም። ስትመጡ ቤት ውስጥ የሚያበስልላችሁን ሰው ይዛችሁ ኑ። የምትውጡትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡ፤ ራሳችሁን ሲፈልጣችሁ ከሰፈር ሱቅ የምትገዙትንም ጭምር።

ከሠላምታ ጋር፣
የቢሮው ባለቤትና የሥራ ባልደረቦቿ