ገመዱን በወርቅ ሚዛን መዝኑት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከድሬዳዋና ከሐረር ተነስተው ወደ አዋሽ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ወደ ባሌ ጅረቶች በላባ ዝንብ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጡ ሰዎች አንድ የተለመደ ስሕተት ይሠራሉ። ገንዘባቸውን ዘንግና የገመድ መጠቅለያው ሪል ላይ ከጨረሱ በኋላ ገመዱን በተረፋቸው ይገዙታል። ነገሩ መገልበጥ አለበት።

በተለመደው ማጥመድ የሚወረወረው እርሳሱ ነው፤ ናይለኑ ይከተለዋል። በላባ ዝንብ ግን የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው። ላባና ፀጉር የተጠመጠመባት መንጠቆ ይህ ነው የሚባል ክብደት ስለሌላት ገመዱ ተሸክሟት ይሄዳል። መካከለኛ ዘንግ በጥሩ ገመድ በደንብ ይሠራል፤ ምርጡ ዘንግ መጥፎ ገመድ ከገባበት ከልምጭ አይሻልም።

ጥሩ ማለት ግን ውድ ማለት አይደለም። ውጭ አገር ከ100 ዶላር በላይ የሚሸጥ ገመድ አለ፤ በ30 ዶላር ተገዝቶ ለዓመታት የሚያገለግልም አለ። ከዋጋው ይልቅ መታየት ያለባቸው ክብደቱና የሙቀት ጠባዩ ናቸው።

ዘንጉ ላይ ከእጀታው ከፍ ብሎ 5፣ 6 ወይም 7 የሚል ቁጥር ተጽፏል። የገመዱ ካርቶን ላይም ያው ቁጥር ይኖራል። ቁጥሩ የገመዱ የፊተኛው 9 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ስንት እንደሚመዝን የሚናገር የታወቀ ልክ ነው። ቁጥር 4 ከ7.4 እስከ 8.2 ግራም፣ ቁጥር 5 ከ8.7 እስከ 9.5፣ ቁጥር 6 ከ9.9 እስከ 10.9፣ ቁጥር 7 ከ11.5 እስከ 12.5፣ ቁጥር 8 ከ13.1 እስከ 14.1 ግራም መሆን አለበት። የርካሽ ገመድ ጉድለት በብዛት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ 5 ተብሎ የተሸጠው ሲመዘን 7 ሆኖ ይገኛል። ውዶቹም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ በግማሽ ቁጥር ከበድ ተደርገው ይሠራሉ፤ ካርቶኑን ብቻ ማመን አይበቃም።

ይህን ለማጣራት የሚያስፈልገው ሚዛን ሐረርም ድሬዳዋም በየወርቅ ቤቱ አለ። ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ሄዶ ማስፈቀድ ነው። አስቀድሞ ቤት ውስጥ ከገመዱ ጫፍ ያለውን ቀለበትና ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ወጥ ቀጭን ክፍል፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ዘሎ 9 ሜትር ከ14 መለካትና መጨረሻው ላይ ባለቀለም የስፌት ክር ማሰር ያስፈልጋል። የተለካው ክፍል መዳፍ በሚያህል ክብ ተጠቅልሎ ሚዛኑ ላይ ይቀመጣል። ቀሪው ገመድ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ሚዛኑን ስለሚጎትት፣ አጠገቡ በሳህኑ ከፍታ ልክ መጽሐፍ ወይም ካርቶን ተደርድሮ እሱ ላይ ይረፍ። ሁለት ጊዜ ተመዝኖ ተመሳሳይ ቁጥር ከመጣ ጨርሳችኋል። ካርቶኑ ክብደቱን በግሬይን ከጻፈ ለ15.4 ማካፈል ወደ ግራም ይለውጠዋል።

ገመዱ ለዘንጉ ከቀለለ ዘንጉ አይታጠፍም፤ ወርዋሪው በጉልበት ሊያካክስ ይሞክርና ትከሻውን ይታመማል፣ ገመዱም እግሩ ሥር ይወድቃል። ከከበደ ዘንጉ ከልክ በላይ ይጎብጥና ገመዱ በአየር ላይ ሰፊ ቀለበት ሠርቶ ውኃው ላይ እንደ ክምር ይወርዳል፤ ዓሣውም ይሸሻል። አንድ ቁጥር መክበድ ብዙ አይጎዳም፣ እንዲያውም ለጀማሪ ይረዳል። ሁለት ቁጥር ግን በምንም አይታረምም።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ የእኛን አካባቢ ሰው ከማንም በላይ ይመለከታል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ የሚገኝባቸው፣ ባሌ ውስጥ ያሉት የዲንሾ አካባቢ ጅረቶች ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆላም ደጋም ሊያጠምድ ይችላል፤ ገመድ ግን ለሁለቱም እኩል አይሠራም። ገመዱ ውስጡ ናይለን፣ ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ለቀዝቃዛ ውኃ የሚሠራው ውስጡ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ፣ ልባጩም ለስላሳ ነው። ለሞቃት ባሕር የሚሠራው ጠንካራ ናይለንና ደረቅ ልባጭ አለው። የቀዝቃዛው ገመድ በአዋሽ የቀትር ፀሐይ ይለሰልሳል፣ ዘንጉ ላይ ባሉት ቀለበቶች ይጣበቃል፣ ሩቅ አይሄድም። የሞቃቱ ገመድ ባሌ ሲደርስ ከሪሉ እንደወጣ እንደ ሞላ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ምንም ቢጎተት አይቃናም፣ ዓሣ ሲነካም እጅ አይሰማውም።

አቅሙ ለአንድ ገመድ ብቻ የሆነ ሰው የቀዝቃዛውን ይግዛ። በአዋሽ ማለዳና ማታ ያለ ችግር ይሠራል፤ ዓሣውም የሚበላው በእነዚያው ሰዓቶች ነው። የሞቃቱን ባሌ ላይ የሚያድን ሰዓት የለም። ቁጥሩ ለሁለቱም 6 ይሁን፤ ለባሌ ብቻ ከሆነ 5 ይበቃል፣ ነፋስ ለሚበዛበት ሐይቅ ደግሞ 7 ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ ከቁጥሩ በፊት ደብልዩ ኤፍ ወይም ዲ ቲ የሚል ይኖራል። ደብልዩ ኤፍ ክብደቱ ወደ ፊት የተሰበሰበ፣ ኋላው ቀጭን ገመድ ነው፤ ከ12 ሜትር በላይ መወርወር ለሚፈልግ፣ ማለትም ለሐይቅ፣ እሱ ነው። ዲ ቲ ከሁለቱም ጫፍ ቀጥኖ መሐሉ የወፈረ ነው። በጠባብ ጅረት፣ ውርወራው ከ12 ሜትር በማያልፍበት፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ዲ ቲ ግን አንዱ ጫፍ ሲያልቅ ተገልብጦ በሌላው ጫፍ እንደ አዲስ ይሠራል። ለባሌ ጅረት ብቻ የሚገዛ ሰው በአንድ ዋጋ ሁለት ገመድ አገኘ ማለት ነው፤ ይህን የሚነግር ሻጭ እምብዛም አይገኝም። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ኤፍ ተንሳፋፊ መሆኑን ያሳያል። የመጀመሪያው ገመድ ተንሳፋፊ ይሁን፤ ሰማጭ ገመድ መግዛት ለጀማሪ ገንዘብ ማባከን ነው፣ መንጠቆውን ማክበድ ይበቃል።

ገመዱ መጋዘን ውስጥ ያረጀ እንዳይሆን ሦስት ነገር ይታይ። አንድ ሜትር ያህል በሁለት እጅ ለ10 ሰከንድ ወጥሮ መልቀቅ፤ ቀዝቃዛው ዓይነት ከሆነና አሁንም ከተጠቀለለ ልባጩ ደርቋል። ጠበቅ አድርጎ አጥፎ በጥፍር መፈተሽ፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ መተው ነው፣ ውኃ ገብቶበት ይሰምጣል። ጫፉን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳፋ ውስጥ ውኃ ላይ ማስተኛት፤ መጀመሪያ የሚሰምጠው ምንጊዜም ቀጭኑ ጫፍ ነው።

ገመዱንና መንጠቆውን የሚያገናኘው መሪ ክር ላይ ብዙ ማውጣት አያስፈልግም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ውድ ነው፤ ከተራ ናይለን 2 ሜትር ከ70 ያህል በቤት ይሠራል። 0.45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 1 ሜትር ከ40፣ ቀጥሎ 0.35 የሆነ 40 ሳንቲ ሜትር፣ 0.25 የሆነ 40፣ ጫፉ 0.18 የሆነ 50 ሳንቲ ሜትር። ለወፍራሙ ክፍል የዶቃ መሰኪያ ናይለን ይሆናል፤ ለጫፉ ግን የማጥመጃ ናይለን ይሁን። ውፍረቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ቶርኖ ቤት ማይክሮሜትር አይጠፋም። ሁለቱን ክሮች 15 ሳንቲ ሜትር ደርቦ፣ አንድ ላይ ቀለበት ሠርቶ፣ ሁለቱንም ጫፎች ሦስት ጊዜ አሳልፎ፣ በምራቅ አርሶ፣ አራቱንም ክሮች ቀስ ብሎ እኩል መሳብ ነው። ሳይርስ የጠበቀ ቋጠሮ በሰበቃ ይግላል፣ ናይለኑም ይዳከማል። ዓሣ በጥሶ ከሄደ የቀረውን ጫፍ ማየት ይጠቅማል፤ እንደ ፀጉር ከተጠቀለለ ቋጠሮው ተንሸራቷል፣ የአሠራር ጉድለት ነው። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ድንጋይ ፍቆታል ወይም ክሩ አርጅቷል። የተቆራረጠው ናይለን ዳር ላይ አይጣል፤ አይበሰብስም፣ የወፍ እግር ያስራል።

ገመድ በጥንቃቄ ማነስ ከሚያልቀው በላይ በውኃ አያልቅም። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ያረፈበት መኪና ውስጥ የቆየ ገመድ ያለ ዕድሜው ይደርቃል። በአዋሽ ዳር የምንቀባው የትንኝ ቅባት ደግሞ ልባጩን ያቀልጠዋል፤ ቅባቱን በእጅ ጀርባ ተቀብቶ መዳፍን መታጠብ የግድ ነው። ከአዋሽ ደለል በኋላ ገመዱን በለብታ ውኃና በእጅ ሳሙና በነከረ ጨርቅ መጥረግ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ያስፈልጋል። ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አይነካው፤ ቅሪታቸው ገመዱ ውኃው ላይ እንዳይንሳፈፍ ያደርጋል።

ውጭ ካለ ዘመድ ለሚያስልክ ሰው መልእክቱ ይህን ያህል ይሁን፦ «ደብልዩ ኤፍ 6 ኤፍ፣ ለቀዝቃዛ ውኃ፣ ጫፉ ቀለበት ያለው፤ ከእሱ ጋር 20 ፓውንድ የሚችል የዳክሮን ክር 50 ሜትር»። ዳክሮኑ ሪሉ ላይ ከገመዱ ሥር የሚጠቀለለው ነው። ወደ ባሌ ፓርክ የሚሄድ የማጥመድ ፈቃዱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አዋሽ የሚወርድ ደግሞ አዞ አለና ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብሎ ይቁም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከዚራ፣ ድሬዳዋ