የጎራው ገበየሁ ጎረቤቶች

ፊታውራሪ ገበየሁ ከአድዋ የተመለሱት በአጽም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከጦሩ ፊት ሲዋጉ ወደቁ፤ መጀመሪያ እዚያው ተቀበሩ። አጽማቸው ሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። አባቶቻችን ሲያወሩ፣ ከመዝመታቸው በፊት ተናዘው ነበር ይላሉ። ጥይቱ ከፊቴ ከመታኝ አገሬ ውሰዱኝ፣ ከጀርባዬ ከሆነ ግን እዚያው ተዉኝ ብለው። መምጣታቸው በራሱ ምስክር ነው ማለት ነው።

ዛሬ እጃችንን የዘረጋነው ግን ስለ እሳቸው አይደለም። የጎራው ገበየሁን ስም ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። እኛን ያሳሰበን የጎረቤቶቻቸው ነገር ነው። እዚያው ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥና በአንጎለላና ጠራ ወረዳ ሌሎች አድባራት፣ ከድንጋይ ክምር ሥር የተኙት ሰዎች።

ብዙ ሰው አንጎለላን የሚያውቃት በምኒልክ ነው። እውነት ነው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚህ ነው፤ የተቀበሩት ግን አዲስ አበባ በአታ ነው። ከእሳቸው በፊት አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። አንኮበር አንዱ ቤታቸው፣ አንጎለላ ሌላው። በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት እዚሁ፣ ዛሬ ገብስ በሚታጨድበት ሜዳ ላይ ነው። መናገሻ ባለበት ባለሟል አለ፣ ዳኛ አለ፣ አጋፋሪ አለ፣ አበጋዝ አለ። እነዚህ ሁሉ የት ገቡ?

የትም አልሄዱም። እዚሁ ናቸው። ችግሩ በእኛ አገር መቃብር ላይ ስም መጻፍ የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑ ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይቀበራል፣ ድንጋይ ይከመርበታል፣ አለቀ። ቀሪው በሰው አፍ ነው። «ይሄ የእገሌ ነው፣ ከአምባላጌ ቆስሎ የመጣው» ይባላል። ተናጋሪው ሲያልፍ መቃብሩ ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ለአጎቴ ተዝካር ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ክምር ድንጋይ ተከራከሩ። አንደኛው «የባላምባራሱ ነው» አሉ። ሁለተኛው «የለም፣ የአሽከራቸው ነው፤ እሳቸው ከዛፉ በላይ ናቸው» አሉ። ሦስተኛው ሳቅ ብለው «እኔ የማውቀው ልጅ ሆነን በግ ስንጠብቅ እንደምንቀመጥበት ነው» አሉ። አጎቴ ቢኖር በአንድ ቃል ይጨርሰው ነበር። ለእኔ ስንት ጊዜ ነግሮኛል መሰላችሁ! አንድም ቀን አልጻፍኩትም።

የእነዚህን መቃብሮች ባለቤቶች ስም የመመዝገቡ ሐሳብ የተጠነሰሰው የዚያን ዕለት፣ ጠላው ላይ ነው።

ሐውልት እናቁም አላልንም። ሐውልት ጥሩ ነው፣ የሚችል ያቁም። እኛ የምንፈልገው ከዚያ ያነሰና የሚቸኩል ነገር ነው። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው እየሄድን በድምፅ እንቀርጻለን። በአማርኛ የሚያወራውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የሚያወራውን በኦሮምኛ። አንጎለላ ዱሮም የሁለቱ ሕዝብ መገናኛ ነበረች፤ ታሪኳም በአንድ ቋንቋ አያልቅም። ከዚያ እያንዳንዱን መቃብር ፎቶ እናነሳለን፣ ቦታውን በካርታ ላይ እናስቀምጣለን። በመጨረሻ ስሙ በተረጋገጠው ላይ ትንሽ ጥቁር ድንጋይ እናኖራለን፤ ስም፣ ማዕረግ፣ ከታወቀ ዘመን። ሌላ ውዳሴ የለም።

ማዕረግ ስል ፊታውራሪና ደጃዝማች ብቻ እንዳይመስላችሁ። አድዋ የዘመተ ጋሻ ጃግሬም፣ በ5ቱ የወረራ ዓመታት ጫካ ገብቶ የሞተ አርበኛም ይጻፋል። ስንቅ ይዛ የተከተለች ሴትም እንዲሁ። እንዲያውም በግሌ የእነሱ ይብስብኛል። የባላባቱን ስም የሚያነሳ ዘር አይጠፋም።

ሁለት ነገር ቆርጠናል። ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ አንድ ጠጠር አናነሳም፤ ቁፋሮ የሚባል ነገርም የለም። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ሁለት የማይዛመዱ ምስክሮች ያልተስማሙበት መቃብር ላይ ስም አይጻፍም። ያ የባላምባራሱ ክምር ለጊዜው ባዶውን ይቆያል። አያቴ እዚያ ናቸው ብሎ ገንዘብ ስላዋጣ ብቻ የሚጻፍለት የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ቅያሜ እንዳይመጣ ነው።

ወጪው ምንድን ነው ላላችሁ፦ ለድንጋይ ጠራቢው የእጅ ዋጋ፣ መኪና ወደማይገባባቸው አድባራት የበቅሎ ኪራይ፣ የድምፅ መቅጃና ባትሪ፣ የመዝገቡ ኅትመት። መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በእኛ እጅ። ለእኛ ለሯጮቹ አበል የለም። ምሳችንን ይዘን እንሄዳለን፤ የቻቻ ብርድ ደግሞ በነፃ ነው።

አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያላችሁ የአካባቢው ልጆች ከ100 ብር ጀምሮ የአቅማችሁን ጣሉ። አሜሪካ ያላችሁ፣ የአንድ ድንጋይ ሙሉ ወጪ ብትችሉልን ደስ ይለናል። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ የእናንተ ገንዘብ በምን ላብ እንደሚገኝ እናውቃለን፤ ከእናንተ የምንፈልገው ወደ ቤት ስትደውሉ አያቶቻችሁን እንድትጠይቁልንና የሚሉትን በስልክ ቀድታችሁ እንድትልኩልን ነው። ከብር አያንስም። ግንበኛ የሆነ ጉልበቱን፣ በቅሎ ያለው በቅሎውን ይዞ ይምጣ። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የሹመት ደብዳቤ ወይም የዱሮ ፎቶ ያለው አይስጠን፤ ፎቶ አንስተን እዚያው እንመልሳለን።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ነው። ቁጥሩን በየዕድራችሁ ከዳኛው ታገኛላችሁ፤ በየወሩ የገባውና የወጣው እዚያው ይለጠፋል።

ያሰብነው ለየካቲት ነው። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው፤ አድዋ ሳምንቱን ጠብቃ በ23 ትከተላለች። በንግሡ ቀን፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ የተረጋገጡትን ስሞች ደጁ ላይ እናነባለን። የምታውቁት ስም ከቀረ እዚያው እጃችሁን አውጡ። ምስክር ይዛችሁ ኑ።