ከሌሊት ሥራ ስትመለሺ እንቁላል ጥበሺ

የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ? የሌሊት ተረኝነቱ እንዴት ይዞሻል? እናትሽ ትናንት ነገረችኝ። ጠዋት ከሆስፒታል ወጥተሽ፣ ሁለት ብስኩት በሻይ ነክረሽ፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ አልጋ ላይ ትወድቂያለሽ አሉ። ይሄን ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ቁርስ ልጽፍልሽ ተነሳሁ፣ ታውቂኛለሽ፣ ስለ ቁርስ ከጻፍኩ ስለ አውሮፕላንም መጻፌ አይቀርም።

ሁለቱን የማልለያያቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ በሪሞት ለምናበርረው ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን የሚስማማው የማለዳ አየር ነው። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ከታች ወደ ላይ መነሳት ይጀምራል፣ ንፋሱም እየበረታ ይመጣል፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሞዴል ደግሞ ያን መቋቋም ይከብደዋል። ጎህ ሲቀድ ግን ሣሩ እንኳ አይነቃነቅም። ስለዚህ የእኛ ሰዎች በጨለማ ተነስተው ሜዳ ይወርዳሉ፣ ሞዴላቸውን ያበርራሉ፣ ንፋስ ሲነሳ ያቆማሉ። ከዚያማ ርቦሻል፣ በርዶሻል፣ ጣትሽ ደንዝዟል። ትኩስ ነገር መብላት ነው።

የቁርስና የአውሮፕላን ነገር ለኔ የተጀመረው ከአያትሽ ጋር ጅማ የሄድን ጊዜ ነው። የተሳፈርነው ዲሲ 3 የሚባል የድሮ የመንገደኛ አውሮፕላን ነበር። ይሄ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ጭራው ዝቅ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ያለ ነው። በኋላ በኩል ባለው በር ትገቢና ወንበርሽ ጋ ለመድረስ ዳገት ትወጫለሽ። ልጅ ነበርኩ፣ የወንበሮቹን ጠርዝ እየያዝኩ ስወጣ ልቤ ሊፈነዳ ነበር። አያትሽ ከቤት ሳንወጣ በግድ ጨጨብሳ አብልተውኛል። «ባዶ ሆድ ወደ ሰማይ አይወጣም» አሉኝ። ያኔ የአውሮፕላን ሕግ መስሎኝ ነበር፣ ዛሬም ሕግ አድርጌ ይዤዋለሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በዚሁ አውሮፕላን እንደሆነ ነግሬሽ ይሆናል፣ ብደግመውም አይሰለቸኝም። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 1938 ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ገባ። አውሮፕላኖቹ ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ሲ 47 ነበሩ፣ ይሄ የዲሲ 3 ወታደራዊ ስሙ ነው። ለጦርነት የተሠራ ነገር ሰላማዊ ሰው ጭኖ ተራራ ሲሻገር ማሰቡ ራሱ ደስ ይለኛል።

ጋራዡ ውስጥ አሁን የምሠራው የሱን ሞዴል ነው። ከእውነተኛው 20 ጊዜ ያነሰ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ አንድ ሜትር ከ45። አጥንቱ ባልሳ ነው። ባልሳ ከኢኳዶር የሚመጣ እንጨት ነው፣ በጥፍርሽ ብትጫኚው ይሰረጉዳል፣ ግን አትናቂው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞስኪቶ የሚባለውን ፈጣን አውሮፕላናቸውን የሠሩት ባልሳውን በሁለት ስስ ኮምፔልሳቶ መሃል አጣብቀው ነው። የመጀመሪያው ሞስኪቶ ዛሬም ለንደን ኮልኒ የሚባል መንደር ባለው ሙዚየም ውስጥ አለ። ስትመጪ እወስድሻለሁ፣ ፊቱ ቆመሽ እንጨት መሆኑን ለማመን ይቸግርሻል።

የዲሲ 3 አስቸጋሪው ክንፉ ነው። ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ሞዴሉ ፍጥነት ሲቀንስ ጫፉ ቀድሞ አየር ላይ መደገፍ ያቅተውና ሞዴሉ በጎኑ ይወድቃል፣ ያውም ሊያርፍ ሲል፣ መሬት ቅርብ ሆኖ ማዳን በማይቻልበት ሰዓት። ስለዚህ የክንፉ ጫፎች ከሥሩ ይልቅ አፍንጫቸውን ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርገው እንዲቀመጡ አጣምሜያቸዋለሁ። ሙጫው እስኪደርቅ ንክች አላደረግኩትም። ያን ማታ እራት የበላሁት ጋራዥ ውስጥ ነው፣ እናትሽ ሳህኑን አምጥታ በሩ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች፣ እግዜር ይስጣት። አሁን የቀረኝ ሚዛኑን ማስተካከል ነው። ክንፉ ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ አነሳዋለሁ፣ አፍንጫው ትንሽ ዘቅዘቅ ካለ ደህና ነው፣ ጭራው ከከበደ ግን አይበርም፣ ባትሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው።

አሁን ወደ ቁርሱ። እዚህ ሜዳችን ዳር ትንሽ የጣውላ ቤት አለች፣ ውስጧ ጋዝ ምድጃ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሁሌ ያበስላል፦ እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ ለሁለት የተከፈለ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ በመጥበሻው ዘይት የተጠበሰ ዳቦ። የአሳማውን እንደማልበላ ያውቃል፣ ሳልጠይቀው የኔን በሌላ መጥበሻ ይሠራል። በጾም ወቅት ደግሞ እንቁላሉን ያስቀርልኛል፣ ያኔ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ባቄላው ብቻውን ደህና የጾም ምግብ ይወጣዋል። እኔም ባዶ እጄን አልሄድም። ጾም ካልሆነ ቂጣውን እዚያው እጋግርና ትኩሱን፣ ጣት እያቃጠለ እቆራርሰዋለሁ፣ ቂቤና በርበሬ አድርጌ አሽቼ በጎድጓዳ ሳህን መሃል ላይ አስቀምጣለሁ። ቂቤው ሲቀልጥ ኮረሪማው ይሸታል፣ ውጭ ያሉትም ሪሞታቸውን አስቀምጠው ይመጣሉ። እኚህ ሰዎች ስሜን በደንብ መጥራት የቻሉት ጨጨብሳ አብረን ከበላን በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የጻፍኩልሽም በዋናነት ለዚህ ነው። በዚያው ጦርነት ጊዜ እዚህ እንግሊዝ አገር እንቁላል በራሽን ነበር፣ ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ። ሌሊት ለቦምብ ድብደባ ለሚወጡት የአውሮፕላን ሠራተኞች ግን እንቁላልና ቤከን፣ ማለትም የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ ይቀርብላቸው ነበር። ጎህ ሲቀድ ከበረራ ሲመለሱም እንደዚሁ። ሀገር ሙሉ የተነፈገውን እንቁላል ለእነሱ የሰጡት ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕይወት በእጁ ይዞ ያደረ ሰው ጠዋት ምን እንደሚያስፈልገው ስለገባቸው ይመስለኛል። አንቺም ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕይወት በእጅሽ ይዘሽ ነው የምታድሪው። ታዲያ በምን ሂሳብ ነው በብስኩት የምትተኚው?

ብዙ ነገር አይፈልግም። መጥበሻውን አሙቂ፣ የላኩልሽን ቂቤ ግማሽ ማንኪያ ጣል አድርጊ፣ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፊበት። ቃሪያ ካለሽ ጨምሪ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ሁለት እንቁላል ሰብረሽበት ቶሎ ቶሎ አማስዪ፣ ሳይደርቅ አውጪው፣ ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጊበት። እጅሽን ታጥበሽ ልብስ እስክትቀይሪ ያልቃል። ተቀምጠሽ ብዪ ደግሞ፣ ቆመሽ አይሆንም።

የዲሲ 3ቱን የመጀመሪያ በረራ አንቺ እስክትመጪ አቆይቼዋለሁ። የፋሲካ ማግስት፣ ጾሙ ተፈቶ፣ እንቁላሉም ቂቤውም ሲፈቀድ። ሪሞቱን እኔ ይዤ አስነሳዋለሁ፣ ከፍታ ከያዘ በኋላ ላንቺ እሰጥሻለሁ። አትፍሪ፣ አጠገብሽ ነኝ። ፈቃድሽን ግን ከአሁኑ ጠይቂ፣ የእናንተ ሆስፒታል የበዓል ፈረቃ እንዴት እንደሚሞላ ታውቂያለሽ። ስትመጪ ወፍራም ካልሲ ያዢ፣ ሜዳው ጤዛ ነው።

አባትሽ