የታሪክ ክበብ በ2016 ዓ.ም.፦ ከቆርኪ የተሠራ ጸናጽል

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን በአንድ ዕቃ ላይ ጨረሰ። ጥቅምት ላይ ዕቅድ ስናወጣ ግሪክም ሮማም ነበሩበት፤ ከግብፅ ግን ሳንላቀቅ ሰኔ ደረሰ። ጥፋቱ የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የደንደራን ቤተ መቅደስ ፎቶግራፍ ሳሳይ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ምሰሶ ጸናጽል አይመስልም?" አለች።

እውነትም ነው። ደንደራ ያለው ቤተ መቅደስ ሃቶር የምትባል ሴት አምላክ ቤት ነው። በመግቢያው አዳራሽ 24 ግዙፍ ምሰሶዎች ቆመዋል። በየምሰሶው አናት ላይ በአራቱም አቅጣጫ የላም ጆሮ ያለው የሴት ፊት ተቀርጿል፤ ከፊቱ በላይ ትንሽ ቤት የመሰለ ነገር ተቀምጧል። የሃቶር ካህናት የሚያንሿሹት ጸናጽል መልኩ ይኸው ነበር። ምሰሶው እጀታው ነው ማለት ነው። እኔ ያን ፎቶ ስንት ዓመት ሳስተምርበት አላስተዋልኩትም።

ግብፃውያን ጸናጽሉን ከሚጠሩበት ስም አንዱ "ሰሸሸት" ነው፤ ከድምፁ የወጣ ስም። ሃቶር በላም አምሳል ከደንገል ጫካ ስትወጣ ይሥሏት ነበር፤ በፊቷም የደንገል ዘንግ ነቅለው ያንኮሻኩሹላት ነበር። የጸናጽሉ ድምፅም ከዚያ ጋር ይያያዛል፤ ቁጣዋን ያበርዳል ተብሎ ይታመን ነበር። ደንገል ደግሞ ለባሕር ዳር ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ታንኳው የሚሠራው ከእሱ ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ ጣና ዳር ወረድን። የመጀመሪያው ቀን ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ወፍ ሰምተን ተመለስን። በሁለተኛው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣና ደንገሉ ሁሉ አንድ ላይ "ሽሽሽ" አለ። የማንም ድምፅ ሳይሰማ ቆየን፤ ከኋላ አንዱ ልጅ በሹክሹክታ "ሰሸሸት" አለ።

ከዚያ ወዲያ መሥራት ነው። የተለመነ የላሜራ ቁራጭ አጥፈን ቀስት አደረግነው፣ የተሰበረ መጥረጊያ እጀታ ሆነ፣ ሽቦ አሻግረን በመዶሻ የተደፈጠጠ ቆርኪ ሰካንበት። ነቀነቅነው፤ ዝም። ቀዳዳዎቹን ሽቦው ልክ አድርገን ስለበሳናቸው ምንም አይንቀሳቀስም። ብዙ የግብፅ ጸናጽሎች ቆርኪ መሳይ ነገር ጭራሽ የላቸውም፤ ቀዳዳው ከዘንጉ ስለሚሰፋ ዘንጉ ራሱ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተ ይጮኻል፣ እንዳይወድቅም ጫፉ ይቆለመማል። በወፍራም ምስማር ቀዳዳውን አሰፋነው፤ ጮኸ።

በየካቲት አንድ መሪጌታ ጋብዘን የእርሳቸውን ጸናጽል በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። የኛን አይተው ሳቁ፤ ከዚያ በእጅ አንጓ ብቻ እንዴት እንደሚመታ አሳዩን። ሴቶቹ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ጠብቀዋቸው ነበር፦ በግብፅ ጸናጽል በብዛት የሴቶች ነበር፤ አቡ ሲምበል በሚባለው የግብፅ ቤተ መቅደስ ላይ ንግሥት ነፈርታሪ ይዛው ትታያለች፤ እኛ ጋ ለምን በማኅሌት የወንዶች ብቻ ሆነ? የኔታ ረጅም መልስ ሰጡ፤ ልጆቹ ግን ገና አልረኩም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ጸናጽል ያን ያህል ይከበርበት በነበረው አገር የዛሬዎቹ ኮፕቶች በቅዳሴያቸው የሚጠቀሙት ጸናጽል ሳይሆን ሁለት የሚጋጩ የናስ ሳህኖችና ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው።

ፕሉታርክ የተባለው ግሪካዊ ጸናጽል የሚነቀነቀው ያለው ነገር ሁሉ እንዳያንቀላፋ መቀስቀስ ስላለበት ነው ብሏል። ይህን በወረቀት ጽፈን በወላጆች ቀን ከዕቃው ሥር ለጠፍነው። በዚያው ቀን አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ምክሩን ከልክ በላይ ወስዶ ሲያንቀጠቅጠው የላይኛው ዘንግ ተስፈንጥሮ በታዳሚው ራስ ላይ አለፈ። ማንም አልተጎዳም። ጸናጽሉ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤ ዘንጉን ሜዳው ላይ ያገኘ ለክበቡ ይመልስልን።