«ይተኛና ይለቀዋል» አትበሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጫት ሲጻፍ አንድም ስለ ውጭ ምንዛሪ ነው፣ አንድም ስለ ሥራ ፈትነት። በአእምሮ ሕክምና ክፍል የምንሠራ ሰዎችን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ምርቃናው መስመር የሳተበትን ልጅ ቤተሰቡ «ይተኛና ይለቀዋል» እያለ ማቆየቱ ነው።

በትኩሱ የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ቃሚ የዕለቱን ጫት የሚሻማውም ለዚህ ነው። ጫቱ ከተቃመ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ካቲኖኑ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይረግባል። በርጫው ካደረና እንቅልፍ ሁለት ሦስት ሌሊት ከጠፋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ጎረቤት እንደሚዶልትበት ያወራል፣ በር ደጋግሞ ይቀረቅራል፣ ምግቡ ተመርዟል ብሎ አይቀምስም፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ዱካክ (ቅዠት) ነው ብላችሁ አትለፉት። ዱካክ ጫት ሲቋረጥ በእንቅልፍ ይመጣል፤ ይሄኛው በቁም ነው።

ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ያደነዝዛል እንጂ ልብን አያሳርፍም። በአረቄ ላይ ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት መዋጥ ደግሞ ትንፋሽ እስከ ማቆም ያደርሳል፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶች ይህን ያውቃሉ፣ ሊጠየቁም ይገባል።

እባካችሁ በገመድ አትሰሩት። ሲታገል ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ጡንቻው ይጎዳል፣ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ነገርም ኩላሊትን ያደክማል። ስለታም ነገር አርቁ፣ ጫጫታ ቀንሱ፣ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ በዝግታ ያነጋግረው፤ መዋጥ ከቻለ ውኃ ስጡት። የደረት ሕመም፣ ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት፣ እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ወይም ያለበትን ቦታ መሳት ከታየ ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ስንት እንደቃመ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደጠጣ፣ ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወስዶ እንደሆነም ሳትሸሽጉ ተናገሩ፤ ትራማዶል በጫት ላይ ሲጨመር ለመንፈራገጥ ያጋልጣል። ጠበል የሚወስዱም ቢሆኑ ሕክምናውን አብረው ያስኪዱት።

ቀድሞውኑ ለእንዲህ ያለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲቅም፣ መድኃኒቱ የሚያግደውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ጫቱ መልሶ ያበዛዋል። «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ብላችሁ ከማቋረጣችሁ በፊት ስለ ጫቱ ለሐኪሙ ንገሩት።

በአእምሮ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ