ከደብረጼን ለዶርሜ

ዶርሜ፣

እንዴት ከረምሽ? ከዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ «እንዴት ከረምሽ» ማለቴ ራሱ ያሳፍራል። መጀመሪያ ስደቢኝና ይውጣልሽ፣ ከዚያ አንብቢው።

ቢዚ ሆኜ ነው ልልሽ ነበር። ውሸት ነው። አፍሬ ነው የጠፋሁት። በረዶው ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ ቢጫው ቤተ ክርስቲያን እየታየ የለጠፍኳት ፎቶ ትዝ ትልሻለች? አንቺ «ተመቸሽ አይደል!» ያልሽኝ ሰዓት እኔ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተጠቅልዬ እያለቀስኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?

ደብረጼን ሃንጋሪ ውስጥ ከቡዳፔስት ቀጥላ ትልቋ ከተማ ናት። እማዬ ስሟን ስትሰማ «ተመስገን! ደብር ነው? የማን ታቦት ነው ያለው?» አለችኝ። የካልቪን ፕሮቴስታንቶች አገር ነው ብዬ እንዴት ላስረዳት! ዝም አልኩ፣ መርቃኝ ስልኩን ዘጋችው።

ስሜም ጠፍቷል። ፓስፖርታችን ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሚገባው የአያት ስም አይደል? ሃንጋሪዎች ደግሞ የሚያስቀድሙት የቤተሰብን ስም ነው። ስለዚህ ስም ሲጠራ የሚጠሩት አያቴ ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ የሞቱ ሰውዬ ማስተርስ ገቡልሽ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅኩ። በሁለተኛው ወር ግን በራሴ ስም የጠራኝ ሰው ሳይኖር ሳምንት እንዳለፈ ሳስብ ሳቁ ጠፋ። ክረምታቸው ደግሞ ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ለኪሳችን በወር 43,700 ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ ነው) ነው የሚሰጡን፣ ሰፈር ግን ዶላር የማፍስ ነው የሚመስላቸው። እሱን እንተወው።

የሰበረኝ ፈተናው ነው። እዚህ ብዙ ፈተና በቃል ነው፤ መምህሩ ፊት ትቀመጫለሽ፣ እጣ እንደማውጣት ርዕስ ታወጫለሽ፣ ከዚያ ትናገሪያለሽ። እኔ ደግሞ እንዳደግነው አንገቴን ደፍቼ፣ ጣቶቼን እያየሁ፣ ድምፄን ቀንሼ መለስኩ። እሱ ሲናገር እየሰማሁት እንደሆነ እንዲያውቅ ያቺን ወደ ውስጥ የምንስባትን ትንፋሽ እስባለሁ። ሰውዬው ደነገጠ። «አስም አለብሽ እንዴ?» አለኝ። ዶርሜ፣ አዎ ስንል ትንፋሽ እንደምንውጥ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? እኔ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

2 አገኘሁ። እዚህ ላይኛው 5 ነው፣ 1 መውደቅ ነው። ጅማ ላይ ፈተና በደረሰ ቁጥር ከላይኛው አልጋ እግሬን አንጠልጥዬ ለመላው ዶርም ስታትስቲክስ የማስረዳው «ሰቃይዋ» እኔ፣ 2! በቃ፣ ጉዴ ወጣ አልኩ። እስከ ዛሬ ያለፍኩት በዕድል ነው፣ ገና አሁን ነቁብኝ አልኩ። ከዚያ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ተውኩ፣ ምሳ ብቻዬን መብላት ጀመርኩ፣ አንቺን ጨምሮ ድሮ ጎበዝ ብሎ የሚያውቀኝን ሰው ሁሉ መሸሽ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ፒኤችዲ የሚሠራ የኛ ሰው ሽሮ ሠርቶ ጠራን። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «ካላየሽው አላጠናችም ነው የሚልሽ። ዓይን ዓይኑን እይው» አለኝ። ባለጌ ልሁን እንዴ ብዬ ተናደድኩ። ግን ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት በሩን ቆልፌ መስታወት ላይ የራሴን ዓይን እያፈጠጥኩ መለማመድ ያዝኩ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ድረስ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ያው መምህር ጋ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከበፊቱ የበለጠ አላጠናሁም። 4 ሰጠኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ይልቅ አናደደኝ። ያው እኔ ነኛ! እሱስ ጨዋነቴን አለማወቅ መስሎት ነው፣ አያውቅም። ስድስት ወር ሙሉ ራሴን ደደብ እያልኩ የሰደብኩት ግን እኔ ነኝ፣ ያውም በአማርኛ።

ባለፈው እሁድ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ድንገት ዝም አለችና «ምነው አፈጠጥሽብኝ?» አለችኝ። ቶሎ ብዬ ዓይኔን ሰበርኩ። አሁን ለማን እንደማፈጥ፣ ለማን እንደምሰብር ይምታታብኛል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና የላክሽልኝን ቮይስ እስካሁን አልከፈትኩትም። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይላል። ይቺን እንደላኩልሽ ልከፍተው ነው፣ ሻይ አፍልቻለሁ።