ስምህን ከስሜ ጎን አድርግልኝ

ወንድሜ ዲያቆን፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ። እንዴት ነህ? ጠፋሁ። አንተም ጠፋህ። እኩል ነንና ይቅርታውን ለሁለት ተካፍለን እንለፈው። እማዬ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ትንሹ አፉን ፈታ ሲሉ ሰማሁ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። እኔ ደህና ነኝ። አዲስ አበባም ግማሿ እየፈረሰ ግማሿ እየተሠራ ደህና ናት። የኔ ወሬ ይኸው ነው።

የጻፍኩልህ ለጉዳይ ነው። «ሲቸግረው ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ» እንደምትል አውቃለሁ። በል ግድ የለም፣ ቸግሮኛል።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰምተሃል ብዬ ነው። ዱባይ እያለን ዓርብ ዓርብ ወደ ማኅበራችን ድፎ ይዛ የምትመጣው ልጃችን ዐርፋለች። ማታ ደህና ተኝታ ጠዋት አልነቃችም አሉ። ወረቀቱ ጊዜ ቢፈጅም አስከሬኗ አገር ቤት ገብቷል። ፍትሐት ተደርጎላት በአጥቢያዋ ተቀብራለች። አባቷን በስልክ አግኝቻቸው ነበር። ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔማ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ዝም አልኩ።

የጨነቀኝ ግን እዚያ ዱባይ የቀሩት እኅቶቻችን ነገር ነው። ለቅሶ አልተቀመጡም። የሰው ቤት ሠራተኛ ለለቅሶ ማን ፈቃድ ይሰጣታል? በነጋታው ሁሉም ወደ ሥራው። ቴሌግራም ላይ የሻማ ሥዕል ተለጠፈ፣ «ነፍስ ይማር» ተባለ፣ አለቀ። ከዚያ አንዷ ሌሊት ድምፅ ላከችልኝ። እያለቀሰች ነው። «ካህን አጠገቧ ሳይኖር፣ ሳትቆርብ ሞተች። እሷ ምን ትሆናለች? እኛስ እዚህ ብንሞት?» ትላለች። መልስ አልሰጠኋትም። «በርቺ» ብዬ ጻፍኩላት። በርቺ! እስቲ አሁን ይሄ መልስ ነው?

በዚህ ላይ ሌላዋ ቲክቶክ ላይ አንድ ሰውዬ ይዛለች። የምጽአቱን ቀን ቆርጦ ይናገራል አሉ። «ዓለም ሊያልቅ ነው፤ ኮንትራት አላድስም፤ ለቤተሰብ ብር መላክም ምን ያደርጋል» ማለት ጀምራለች። ጭራሽ የሰውዬውን ቪዲዮ በቡድኑ ውስጥ ትለቀዋለች። ዓርብ የሚመጣውም ሰው እየቀነሰ ነው። ታላቃቸው ደውላ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ፦ «የሰበሰባችሁን እናንተ ናችሁ። አንድ ነገር ጻፉልን፤ አርባዋን ዓርብ ስናስብ ይነበባል።» እናንተ ስትል እኔና አንተን ነው። አንተን ደውላ ያላስቸገረችህ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነህ ብላ ነው።

ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። የጻፍኩት ሁሉ ስብከት ስብከት ሸተተኝ። «ውድ እኅቶቻችን፣ ይህች ዓለም ኃላፊ ናት...» እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘህ በዚያች ጠባብ ክፍል ስታነብላቸው አስበው። ቀደድኩት። ከዚያ ሰው ለአዲስ ማኅበር ደብዳቤ እንዴት ይጽፋል ብዬ ጳውሎስን ገለጥኩ፤ አንደኛ ተሰሎንቄን። አትሳቅ። በቅዳሴ አንተ ስታነበው ስንት ዘመን ሰምቻለሁ፤ ግን እንደ ደብዳቤ አንብቤው አላውቅም ነበር።

ታሪኩን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ልንገርህ፣ ሆዴ ስለሞላ ነው። ተሰሎንቄ የመቄዶንያ ዋና ከተማ ናት፤ ወደብ አላት፣ የሮማውያን አውራ ጎዳና ያልፍባታል፣ ሁሉ የሚርመሰመስባት። ጳውሎስ በምኩራባቸው የተከራከረው ሦስት ሰንበት ነው ይላል የሐዋርያት ሥራ። ከዚያ ሁከት ተነሣ። ያስተናገዳቸው ኢያሶን ወደ ሹማምንቱ ተጎተተ፣ ዋስ አስይዞ ተለቀቀ። ጳውሎስና ሲላስ በሌሊት ወደ ቤርያ ተሸኙ። እነዚያ አዲስ አማኞች እንግዲህ ገና ፊደል እንደቆጠረ ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ደብዳቤው የተጻፈው በ50 ወይም 51 ዓ.ም. ገደማ ከቆሮንቶስ ነው ይባላል፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር። ብዙ ተመራማሪዎች ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት የመጀመሪያው ይሄ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንዲያ ከሆነ በእጃቸው የተጻፈ ወንጌል እንኳ አልነበረም ማለት ነው።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ስደርስ አቆምኩ። መታገሥ አቃተን፣ እኛ አቴና ብቻችንን ቀርተን ጢሞቴዎስን ላክንባችሁ ይላል። ሰውየው ጨንቆታል! እንቅልፍ አጥቶ ወሬ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጢሞቴዎስ ተመልሶ «ደህና ናቸው፣ ሊያዩህም ይናፍቃሉ» ሲለው ነው ይህን ደብዳቤ የጻፈው። እናንተ ጸንታችሁ ከቆማችሁ እኛ አሁን በሕይወት አለን ይላቸዋል። እኔ መልእክታቱን ሁሉ ትምህርት ሊሰጥ ብሎ የጻፋቸው ይመስለኝ ነበር። ይሄኛው ግን ጭንቀቱ ይቀድማል፤ ትምህርቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ናፍቆትና ምስጋና ናቸው። ሞግዚት ልጆቿን እንደምትንከባከብ ነበርንላችሁ፣ እንዳንከብድባችሁ ሌሊትና ቀን እየሠራን ነበር፣ ልንመጣም ፈልገን ነበር እያለ ያስታውሳቸዋል።

ይሄ የመጨረሻው ልቤን ነካው። «ልንመጣ ፈልገን ነበር።» አንድ ሰው «ጥሎን ሄደ» ብሏል ማለት ነው፤ ካልተባለ ለምን ይናገረዋል? እኔም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንተ አሜሪካ ገባህ፣ እኔ ተጠቃልዬ አገሬ ገባሁ። እነሱ እዚያው ናቸው። እዚህ ሞቆኝ ተቀምጬ «አይዟችሁ» ስላቸው ምን ይሉኝ ይሆን? አንተስ እንዲህ ይሰማሃል? ወይስ እኔ ነኝ የማጋንነው?

ከዚያ ምዕራፍ አራት አለልህ። እነሱም ሰው ሞቶባቸዋል! ጌታ ሳይመጣ የሞቱት ቀሩ ወይ ብለው ተጨንቀዋል። የልጅቷ የሌሊት ጥያቄ ማለት ነው እኮ፣ ቁርጥ እሱ። ጳውሎስ «ይሄን እንኳ አታውቁም?» አላላቸውም። ለምን አለቀሳችሁም አላለም። ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳታዝኑ ነው ያለው፤ ማዘኑን አልከለከለም። በሕይወት የምንቀረው ያንቀላፉትን አንቀድምም፣ በክርስቶስ የሞቱት አስቀድመው ይነሣሉ ይላል። ወደኋላ ቀሩ ያሏቸው ፊት ሆኑ። ድፎ ይዛ እየመጣች ሁሌ የምትቀድመን ልጅ አሁንም ቀደመችን ብዬ ልጽፍ ፈለግኩና ተውኩት፤ የሚያስለቅስ እንጂ የሚያጽናና አልመሰለኝም። አንተ ምን ትላለህ?

የምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ «እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ» ነው። በኔ ተጽናኑም፣ ስመጣ ጠብቁም አላላቸውም፤ ሥራውን ለነሱ ሰጣቸው። በምዕራፍ አምስትም ሰነፎችን ገሥጹ፣ የፈሩትን አጽናኑ፣ ደካሞችን ደግፉ የሚላቸው ራሳቸውን ነው። የደብዳቤው ዓላማ ይሄ ይመስለኛል። ለጸሐፊው ሳይሆን አንዱ ለአንዱ እንዲበቃ ነው የሚጽፈው። እኔ ግን የእነሱ ስልክ እጠብቅ ነበር፤ ሲደውሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይሄን ለማንም አትንገር።

ለቲክቶኳ እኅታችንም መልስ አለው። ስለ ቀኑና ስለ ዘመኑ ልንጽፍላችሁ አያስፈልግም፤ ቀኑ እንደ ሌባ ነው የሚመጣው ብሎ ያልፈዋል። ቀን አልቆረጠም። ትንሽ ቀደም ብሎም በጸጥታ ኑሩ፣ በእጃችሁ ሥሩ ይላል። ሁለተኛውን መልእክት ስትከፍት የባሰ ነገር ታገኛለህ። ከእኛ እንደመጣ በሚመስል መልእክት አትናወጡ ይላል፤ በስማቸው የሚዞር ነገር የነበረ ይመስላል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ «በገዛ እጄ» ብሎ ሰላምታውን ጻፈበት፤ የመልእክቶቼ ሁሉ ምልክት ይህ ነው አለ። ጸሐፊው ራሱ ጳውሎስ ነው አይደለም ብለው የሚከራከሩ መምህራን እንዳሉ ሰምቻለሁ። አሁን ወደዚያ አታስገባኝ። «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውም ከዚያ ነው። እሱን ግን አልጽፍላትም፤ ሥራ ጠልታ አይደለም፣ ደክሟት ነው።

ሌሎቹንም አገላበጥኩ። ቆሮንቶስን ተወው፤ አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ አንዱ የአጵሎስ፣ በጌታ እራት አንዱ ተርቦ ሌላው ሰክሮ። የፋሲካ ዶሯችንን አስታወሰኝ፤ አንተ ታውቃለህ ማን ምን እንደበላ። ፊልጵስዩስ ላይ ኤዎድያንና ሲንጤኪን የሚባሉ ሴቶች ተጣልተው ስማቸውን ጠርቶ ታረቁ ይላቸዋል። ደብዳቤው እኮ በጉባኤ የሚነበብ ነው! ይሄን አልወደድኩለትም። በወንጌል ከኔ ጋር የተጋደሉ ናቸው ብሎ ቢያከብራቸውም እኔ ብሆን ስም አልጠራም ነበር። ስለዚህ ቲክቶኩን ስንጽፍ «አንዳንዶቻችሁ» እንበል።

አንተን ለምን እንደፈለግኩህ አሁን ልንገርህ። የደብዳቤውን የመጀመሪያ መስመር ተመልከት፦ ጳውሎስና ስልዋኖስ ጢሞቴዎስም። ስልዋኖስ ያው ሲላስ ነው። ብቻውን አይደለም የጻፈው። ሮሜን ስታይ ደግሞ የጻፈው እጅ የጤርጥዮስ ነው፤ «እኔ ጤርጥዮስ» ብሎ በመሀል ሰላምታ ያስገባል፣ ደስ ሲል። ለመንግሥት እንጂ ለተራ ሰው ፖስታ አልነበረም፤ ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ነው የሚሄድ። ሮሜን ያደረሰችው የክንክራኦሷ ፌቤን ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። ለተሰሎንቄም ይህ ለወንድሞች ሁሉ ይነበብ ብሎ በጌታ ስም አምሏቸዋል። ማንበብ የማይችለው ብዙ ነበርና በጆሮ ነው የሚደርሳቸው።

የኛም በጆሮ ነው የሚደርሳቸው። ልጆቹ ከኔ ጽሑፍ ይልቅ ያንተን ድምፅ ያውቁታል። እኔ ስናገር ሲያዛጉ አይቻለሁ፤ አንተ ስታነብ ግን ያቺ ሞባይሏን የማትለቀው እንኳ ቀና ትላለች። ስለዚህ የምለምንህ ይሄን ነው። ረቂቁን ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። ያልመሰለህን ሰርዝ። ስለ ፍትሐት የጻፍኩትን በተለይ እይልኝ። የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው፤ ለእሷ ቤተ ክርስቲያን የጸለየችላት ባለችበት ነው፣ እነሱም ባሉበት በጸሎት ሊያስቧት ይችላሉ ብለውኛል። ግን አንተ ተምረሃል፣ ቃሉ እንዳይሳሳት። ከዚያ ስምህን ከስሜ ጎን አድርግና በድምፅህ አንብበህ ቅዳው። በስማችን ሌላ ነገር እንዳይዞር መጨረሻው ላይ እኛ ብቻ የምናውቀውን አንድ ነገር ጨምርበት። የሊፍቱን ጉዳይ ብትጠቅስ ሁሉም ይስቃሉ፤ በአርባዋ መሳቅ ነውር ከሆነ ደግሞ ተወው። እኔ ነውር አይመስለኝም፤ እሷም እዚያ ሊፍት ውስጥ ነበረች።

እምቢ ካልክ አልቀየምህም። ማለቴ፣ እቀየምሃለሁ፣ ግን እደብቀዋለሁ።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስ አምጣልኝ ይላል። ጥቁሩ ጃኬቴ አንተ ጋ መሆኑን ያልረሳሁት መሆኔን ይወቁልኝ። በሚመጣ ሰው ላከው።

ድምፁን እስከ ረቡዕ ማታ አድርስልኝ፤ ሐሙስ ለታላቃቸው እልካለሁ። ከስምንት ደቂቃ አታስበልጠው። ዓርብ እንኳ ሙሉ ቀን የሚለቋቸው ጥቂቶቹን ነው፤ አንዳንዷ መንገድ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምትሰማህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን። ትንሹን ሳምልኝ።

ወንድምህ